የአገር ውስጥ ቁጥር

ስልኩ ሲጠራ ያምሮት የተማሪዎቿን የባዮሎጂ ፈተና እያረመች ነበር። ቀይ እስክሪብቶዋን በጥርሷ ነክሳ ቁጥሩን አየችው። በዜሮ ዘጠኝ የሚጀምር፥ የማታውቀው የአገር ውስጥ ቁጥር ነው። ልትተወው አሰበች። በዚያ ሰሞን ከቡሬ የሚደውልላት እንግዳ ቁጥር በዝቶ ነበር፤ አንዴ ሊያገባት የሚፈልገው የዘሩ አክስት፥ አንዴ የዘሩ እህት፥ አንዴ ራሱ ዘሩ። እጇ ግን ቀደማትና አነሳችው።

«ሃሎ?»

«ያምሬ» አለ አንድ ድምፅ። ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ይርቃል።

ያምሬ ብሎ የሚጠራት በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። እስክሪብቶው ከጥርሷ ወደቀ።

«ወንዳወቅ? አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ይሰማሻል? የጻፍኩልሽን አላየሽውም እንዴ? ዝም ስትይኝ እኮ… ያምሬ፥ ሽማግሌዎቹን ልላካቸው ወይ? አንድ ቃል ብቻ በይኝ።»

ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ ነው ዓመቱን የፈጀችው። ያን ጊዜ ግን ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ ቁጥሩን ደግማ አየችው። ወንዳወቅ ከቻይና ሲደውል የሚመጣው ቁጥር ረጅም ነው፤ አጀማመሩም ሌላ ነው። ይህኛው እንደ እሷ፥ እንደ እናቷ፥ እንደ ፍኖተ ሰላም ባጃጅ ነጂዎች ሁሉ የአገር ቤት ቁጥር ነው።

«ከየት ነው የምትደውለው?»

«ከየት ልደውል? ከዚሁ ነዋ፥ ከናንጂንግ።»

«ወንዳወቅ፥ አትዋሸኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ቁጥርህን እያየሁት ነው! አገር ውስጥ ነህ። መቼ ነው የገባኸው? የት ነው ያረፍከው? ማን ቤት ነው ያለኸው?»

መስመሩ ተንሿሿ። «የምን ቁጥር… አይሰማም… ያምሬ፥ ልላካቸው…»

«ዳግመኛ እንዳትደውልልኝ!» ብላ ዘጋችው።

ዘግታም አላረፈች። መልሳ ወደዚያው ቁጥር ደወለች፤ ማን ሴት ታነሳው ይሆን ብላ። የተቀዳው የሴትዮዋ ድምፅ «የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበሉም» አላት። በቃ፥ አጠፋው አለች በልቧ። ሲጋለጥ አጠፋው።

ወንዳወቅ እዚያው ፍኖተ ሰላም፥ እሷ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር ነበር። የግሽ ዓባይ ገበሬ ልጅ ነው፤ እሷ ደግሞ የቡሬው እህል ነጋዴ የአቶ ገብረሰንበት ልጅ። ሁለቱም ይህን አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም፤ ግን እሱ በአባቷ መጋዘን ፊት ሲያልፍ እርምጃው እንደሚፈጥን እሷ ታውቃለች፥ እሷ ማወቋንም እሱ ያውቃል። ያለፈው ዓመት ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ቻይና ሲሄድ «ስመለስ በሩን በሽማግሌ ነው የማንኳኳው» ብሏት ነበር።

እዚያ ከደረሰ በኋላ ፍቅራቸው በፌስቡክ ሆነ። እሱም እዚያ ዝግ ነው። እንዲህ ብሎ ጽፎላት ነበር፦

«ያምሬ፥ እዚህ አገር ሁሉ ነገር አለ፤ አንቺ ያለሽበት ቦታ ብቻ ዝግ ነው። ጉግል ዝግ፥ ፌስቡክ ዝግ። የአገሬው ሰው የራሱ አለው፥ አይቸግረውም። እኛ የውጭ አገር ሰዎች ነን ማታ ማታ ሌላ አገር ያለን የሚያስመስለውን ቪፒኤን ከፍተን እንደ ሌባ በአጥር የምንሾልከው። ትናንት ጃፓናዊ ነበርኩ፤ ዛሬ ሆላንዳዊ ሆኜ ነው ፎቶሽን ያየሁት። መስመሩ መሃል ላይ ይቆረጥና ግንባርሽ መጥቶ ዓይንሽ ይቀራል። ዓይንሽ እስኪመጣ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። አብሮኝ የሚኖረው ዛምቢያዊ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹የሞተብህ ሰው አለ እንዴ?›»

ያን ጊዜ ስቃ «አይዞህ፥ ወደ ክፍቱ አገር ትመለሳለህ» ብላ መለሰችለት። ብዙም አልቆየም፥ በዚያ ክረምት የአገሩ ነገር ሲበላሽ ክፍቱ አገርም ተዘጋ። መስከረም ሊያልቅ ሲል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወጣ። የስልክ ኢንተርኔት ጭራሽ የለም፤ ፌስቡክ የለም። በአንድ በኩል እሱ የሚሾልክበት አጥር፥ በሌላ በኩል እሷን የከበባት አጥር። ከዚያ ወዲህ አንድም ጽሑፍ አላየችም።

አሁን ያ የሳቀችበት ደብዳቤ ሌላ ፊት አመጣ። ትናንት ጃፓናዊ፥ ዛሬ ሆላንዳዊ የሚሆን ሰው፥ አዲስ አበባ ተቀምጦ ናንጂንግ ነኝ ቢል ምን ይገርማል?

ቅዳሜ ቡሬ ወላጆቿ ቤት ገባች። እናቷ እህተ ማርያም ገና በሩ ላይ ስማ ሳትጨርስ «አባትሽ ይፈልጉሻል» አለቻት። አባቷ ከቤቱ ጋር በተያያዘው መጋዘን፥ በበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሚዛኑን የሚያስተካክሉትን ሠራተኞች ያያሉ። ሠራተኞቹን በዓይናቸው አስወጧቸው።

«ሐሙስ ሽማግሌ መጥቶ ነበር» አሉ።

«የማን?»

«የዘሩ። ቄሱም ነበሩበት። እንደ ወጉ ቆመው ተናገሩ፤ እኔም እንደ ወጉ ‹ልጄን ልጠይቅ› ብዬ ለነገ ሳምንት እሑድ ቀጠርኳቸው።»

ያምሮት ከጆንያው የፈሰሰውን በቆሎ ትለቅም ጀመር።

«ዘሩ መጥፎ ልጅ አይደለም። ሁለት አይሱዙ አለው ብዬ አይደለም የምልሽ፤ እናቱን የሚያከብር ልጅ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያ አስተማሪው… ሰው ልኳል?»

አባቷ ስለ ወንዳወቅ እንደሚያውቁ እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር። ፊቷ ጋለ።

«አልላከም፥ አባዬ።»

«እኔ የገበሬ ልጅ ነው ብዬ በር አልዘጋሁበትም። ግን ሽማግሌ ያልላከ ሰው ለእኔ የለም። የሌለን ሰው ምን ብዬ ልጠብቀው?»

በሌላ ጊዜ ቢሆን ትከራከር ነበር። አሁን ግን ያ ቁጥር በዓይኗ ላይ መጣ፥ «አንቱ እንዳሉ» አለች። ከአባቷ ይልቅ እሷ ራሷ በቃሉ ደነገጠች። አባቷም ደስ አላላቸውም፤ የልጃቸውን ፊት ትክ ብለው አዩና ወደ ሚዛኑ ዞሩ። ቀኑን ሙሉ እጇ ያነሳውን ዕቃ የት እንዳስቀመጠው ሲጠፋት ዋለ።

ሐሙስ ትምህርት ቤት፥ ዙለይካን ብቻዋን የኮምፒዩተር ክፍሉን አቧራ ስታራግፍ አገኘቻት። ዙለይካ የኮምፒዩተር አስተማሪ ናት፤ የነጋዴው የሐጂ ጁማ ልጅ።

«ነይ ግቢ» አለቻት ዙለይካ። «ዘንድሮ የማስተምረው የኢንተርኔትን ታሪክ ነው። ‹ልጆች፥ ድሮ ድሮ ጉግል የሚባል ነገር ነበር› እላቸዋለሁ።»

ያምሮት አልሳቀችም።

«ምነው? ሙሽራ እንዲህ ነው እንዴ የሚሆነው? ቡሬ ወሬው ሞልቷል እኮ።»

ያምሮት ነገሩን አንድ በአንድ አወጣችው፤ ቁጥሩን፥ ውሸቱን፥ የጠፋውን ስልክ። ዙለይካ መጀመሪያ በእጇ አፏን ያዘች፤ ቀጥሎ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀች ነው።

«ምን ያስቅሻል?»

«አንቺ እንደ እኔ እናት ሆነሽ ነዋ! ስሚኝ። ወንድሜ ሪያድ አይደለም ያለው? በረመዳን ደወለ፤ ቁጥሩ የአገር ቤት። እናቴ ‹ልጄ ገብቷል!› ብላ እልልታውን አቀለጠችው። መልሳ ስትደውል ያቺ የተቀዳችው ሴትዮ ‹ጥሪ አይቀበሉም› ትላታለች። እናቴ ምን አለቻት መሰለሽ? ‹አንቺ ማነሽ ከልጄ ጋር ያለሽው? አቅርቢልኝ!› ቀኑን ሙሉ ከካሴት ጋር ስትጣላ ዋለች።»

«ከሪያድ ነው የደወለው?»

«እዚያው ሪያድ ከመኝታው ሆኖ። ርካሽ ካርድ ሲገዙ ጥሪው በዋናው በር አይገባም፤ በጓሮ ነው። እዚህ ያለ የሆነ ሰው ቁጥር ለብሶ ይመጣል። ደዋዩ ራሱ አያውቀውም።» ዙለይካ ሳቋን አቆመች። «ያምሮት? ምን አልሽው?»

ያምሮት ኮምፒዩተሩ ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከቻይናው አጥር ለመውጣት በሌላ አገር ሰው ስም ሾልኮ እንደሚወጣ ነግሯት ነበር፤ ወደ አገሩ ለመግባትም የሌላ ሰው ቁጥር እንደሚያለብሱት ግን ምስኪኑ ራሱ አያውቅም። እሷም ‹ውሸታም› አለችው። ሽማግሌ ልላክ ወይ ሲላት።

ካርድ ሞልታ በቻይናው ቁጥር ደወለች። ያቺው ሴትዮ መለሰችላት። ደገመች፤ ያቺው ሴትዮ።

«ባሕር ዳር አንዳንድ ሆቴል ኢንተርኔት ይሠራል ይላሉ» አለች ዙለይካ።

«ብጽፍለትስ? እሱ በዚያ በኩል መቼ እንደሚከፈትለት ማን ያውቃል? እሑድ እኮ ነው ቀጠሮው።» ብድግ አለች። «ነገ ፈቃድ ጠይቂልኝ። ግሽ ዓባይ እሄዳለሁ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«አባቱ ጋ።»

«አብደሻል? ሴት ልጅ ራሷ ሄዳ? ሰው ቢሰማ አባትሽን ገበያ ታወጫቸዋለሽ!»

ያምሮት ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። በአገሯ ወንዱ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጅቷን ልብ ይሰማል፤ የሽማግሌ እግር ከበር መመለስ ለዕድሜ ልክ የማይረሳ ውርደት ነውና። ልጅቷ ደግሞ «ላክ» አትልም። «እንጃ» ትላለች፥ አንገቷን ትሰብራለች፥ ቢበዛ ፈገግ ትላለች፤ የሚገባው ይገባዋል። ሴት ልጅ ራሷ ሄዳ በወንዱ አባት ደጅ ስትቆም ግን አይታም ሰምታም አታውቅም።

ዓርብ ጠዋት በሚኒባስ ተሳፈረች። መንገዱ በቡሬ ነው የሚያልፈው። ቡሬ ሲደርሱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። ሚኒባሱ ሰው ሊጭን የቆመው፥ እንደ ክፉ አጋጣሚ፥ ከአባቷ መጋዘን ፊት ለፊት ነው። አባቷ በር ላይ ቆመዋል። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወደ ሚኒባሱ አዩ፤ ልክ እሷ ወደ ተቀመጠችበት መስኮት። አይተዋት ይሆን? ወይስ ፀሐዩን ነው የተከላከሉት? ሚኒባሱ ተነሳ፤ የአባቷ ዓይን ግን ከመስታወቱ ላይ አልለቅ ብሎ እስከ ጥሊሊ አብሯት ሄደ።

ከጥሊሊ በሌላ መኪና ወደ ግሽ ዓባይ ወጣች፤ ከዚያ በእግር። የወንዳወቅን አባት የአቶ ላቀውን ቤት የጠየቀቻቸው ሁሉ በአገጫቸው ወደ ሽቅብ ያሳዩዋታል። ስትደርስ ቤተሰቡ አውድማ ላይ ነው። በሬዎች ገብሱን ይዞሩበታል፤ ጎረቤት ለደቦ ወጥቷል።

«እንደምን ዋላችሁ» አለች ከአውድማው ጠርዝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን ዋልሽ ልጄ። ኸየት ነሽ?» አሉ መንሽ የያዙ ቀጭን ሽማግሌ።

«ከፍኖተ ሰላም።»

«የማዳበሪያ ዕዳ ሰብሳቢ ናት!» አለ አንዱ ከበሬዎቹ ኋላ። «እመቤቴ፥ ገና ገብሱን ወቅተን አልጨረስን፥ ለዕዳው ትንሽ ታገሡን!» አውድማው በሳቅ ሞላ።

«የማዳበሪያ አይደለሁም። አስተማሪ ነኝ» አለች።

ሳቁ ቆመ። ሽማግሌው መንሻቸውን መሬት ላይ ተከሉት። ከኋላቸው ገብስ ስታበጥር የነበረች ሴት ሰፌዷን አስቀምጣ መጣችና ያምሮትን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ላቀው፥ አይታይህም እንዴ? ፎቶዋን አላሳየንም? እሷው ናት!»

የወንዳወቅ እናት ሀብትነሽ ነበረች። ያምሮትን አቅፋ ሳመቻት፤ ከገለባው ክምር ሥር አስቀምጣ ቅቅል ድንችና ጠላ አቀረበችላት። ማንም ለምን መጣሽ ብሎ አልጠየቃትም። አቶ ላቀው ፊት ለፊቷ ተቀመጡና የገብስ ዛላ በጣታቸው እያሹ ቆዩ።

«እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፥ ለገብሱ እንደሚናገሩ፥ «መንገድ ላይ ቆመው የቀሩ ሦስት ሽማግሌዎች አሉን። ሂዱም ያላላቸው፥ ቅሩም ያላላቸው።»

«ቅሩ ያላቸውስ የለም፥ አባቴ።»

«ሂዱ ያላቸውስ?»

ያምሮት አንገቷን ሰበረች። ለዚህ ነበር ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው፤ ሲደርስ ግን ድፍረቱን አጣችው። «እንጃ» አለች በቀስታ።

አቶ ላቀው ተነፈሱ። «ልጄ፥ እንጃሽ እኔ ዘንድ ገብቷል። ግን ልጁ ‹ተቆጥታ ዘጋችብኝ፤ እሷ በአፏ ካላለች እግራችሁን እንዳታነሱ› ብሎ በእግዜር ስም አስሮኛል። የአባትሽ በር ትልቅ ነው። ያ የምታይው ይርሳው» አሉ፥ በሬ ወደሚነዱት ሽበታም ሰው እየጠቆሙ፥ «አንድም ቀን ከበር ተመልሶ አያውቅም። በእንጃ እንዴት ልላከው?»

ይህን ሲሉ ከአውድማው ጫፍ ስልክ ጮኸ። ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ስለሆነ ስልኩ ከባሕር ዛፉ ጉጥ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ይውላል።

«ወንዴ ነው!» አለች ሀብትነሽ። «ዓርብ ዓርብ አይደል የሚደውል!»

«ቁጥሩን አይታችኋል?» አለች ያምሮት ሳታስበው።

«የምን ቁጥር?» አሉ አቶ ላቀው። «ከዚያ ግንድ ላይ የሚጮኸው እሱ ብቻ ነው። ሂጂ አንሺው።»

 ሀብትነሽ ከኋላ በእጇ ገፋ አደረገቻት። ያምሮት ስልኩን ከገመዱ ሳትፈታ፥ በጣቶቿ ጫፍ ቆማ ጆሮዋን ለጠፈችው።

«እማ? እንዴት ናችሁ?»

«ወንዳወቅ።»

 «ማነው? … ያምሬ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኛ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?»

«ይቅርታ ልልህ ነው። ቁጥሩ የአገር ቤት ሆኖብኝ… የዋሸኸኝ መስሎኝ…»

«አይሰማም! ምን አልሽ?»

«ይቅርታ!»

«ምን?»

«ይቅርታ ነው ያልኩህ!»

ከኋላዋ የበሬዎቹ ኮቴ ዝም አለ።

«ያምሬ፥ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ቃል ሰጥተሻል? ጨርሰሽ ከሆነ ልወቀው። እዚህ ሰው መሃል ነኝ፥ ግን ሰው የለኝም። በየቀኑ አጥር እየዘለልኩ ስምሽን ስፈልግ፥ ባዶ ገጽ ነው የሚመጣልኝ። በባዶ ገጽ መኖር አቃተኝ። ከጨረስሽ እፎይ ልበል።»

«አልጨረስኩም!»

«ምን?»

«አልጨረስኩም! ቃልም አልሰጠሁም!»

«እና ልላካቸው ወይ?»

«እን…» አለች። አንደበቷ ከልጅነቷ ጀምሮ በለመደው መንገድ ሊሄድ ነበር። መስመሩ ተንሿሿ፤ ድምፁ ራቀ። አሁን አንገት መስበርን፥ ፈገግታን፥ ዝምታን የሚያሻግር ሽቦ በዓለም ላይ የለም።

«ላካቸው!» አለች።

«አይሰማ…»

«ላካቸው!» ጮኸች። ነጠላዋ ከራሷ ወደቀ። «ወንዳወቅ፥ ሽማግሌዎቹን ላካቸው! ለእሑድ ሌላ ሰው ተቀጥሯል፥ ነገውኑ ይድረሱ! እኔ ነኝ የምልህ፥ በአፌ! እወድሃለሁ፥ ላካቸው!»

ድምፅ የለም። ስልኩን አየችው፤ ተቆርጧል። መቼ እንደተቆረጠ አታውቅም። «ላካቸው» ከማለቷ በፊት ይሁን በኋላ፥ ከቃሏ ስንቱ ተሻግሮ ስንቱ ከዚያ ዛፍ ሥር እንደቀረ አታውቅም።

ቀስ ብላ ዞረች። አውድማው በሙሉ ቆሟል። ቅድም የቀለደው ሰው አፉን ከፍቶ ያያታል። ሀብትነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። የአቶ ገብረሰንበት ልጅ፥ የቡሬዋ፥ በአንድ መንደር ፊት ባል ስጡኝ ብላ ጮኻለች። መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ግንዱን ያዘች።

«የሰማ አይመስለኝም» አለች፥ እንባዋ እየቀደማት። «ተቆረጠ። የሰማኝ አይመስለኝም።»

አቶ ላቀው ከተቀመጡበት ተነሡ። የገብሱን ብናኝ ከጋቢያቸው አራገፉ፤ ወደ ይርሳው አዩ። ይርሳው አለንጋውን ለሌላ ሰው ሰጥተው እጃቸውን ሊታጠቡ ውኃ እየጠየቁ ነው።

«እሱ ባይሰማ» አሉ አቶ ላቀው፥ «እኛ ሰምተናል።»

ማንም አልሳቀም። ሀብትነሽ መጥታ የወደቀውን ነጠላ አነሳችና አራግፋ አለበሰቻት፤ እጇ የገብስ ሽታ ነበረው። ያምሮት ፊቷን በዚያ እጅ ውስጥ ደበቀች። አባቷ ነገ በሩ ላይ ምን እንደሚሉ አታውቅም። ባሕር ማዶ ያለው ሰው ዛሬ በተስፋ ይተኛ ወይ ተስፋ ቆርጦ፥ ያንንም አታውቅም።  ከአፏ የወጣውን ቃል ግን መልሺ ቢሏት፥ ያን ጊዜ፥ ዓለም ሁሉ ተሰብስቦ ቢለምናት አትመልሰውም ነበር።